ዓይንና ዘር፦ የሕፃናትን የዓይን ነቀርሳ ስለ መለየትና ስለ መከታተል

ከእንጦጦ ተረተር ወደ የካ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ከተደረደሩት ቤቶች ባንዱ፣ ማታ ሕፃኑ ገላውን ታጥቦ፣ ቅቤ ተቀብቶ፣ በእናቱ ጭን ላይ ጋደም ባለበት፣ ከወደ ጎን የመጣው የመብራት ጮራ በብሌኑ ላይ ባረፈ ጊዜ፣ ጥቁር ሆኖ መታየት የሚገባው ብሌን እንደ ድመት ዓይን ነጣ ብሎ ያበራና ወዲያው ይጠፋል። እናት ልጁን ወዲህና ወዲያ እያዘነበለች ደግማ ልታየው ትሞክራለች፤ ብርሃኑ ግን ተመልሶ አይመጣም። ባሏን ብትጠራው፣ እርሱ የሚያየው የሚስቅ ልጅ ብቻ ስለሆነ፣ «መብራቱ ነው ያሳሳተሽ» ብሎ ያልፈዋል። ከሳምንት በኋላ አክስቱ በስልክ ፎቶግራፍ ስታነሣው፣ አንደኛው ዓይን እንደ ወትሮው ቀላ ብሎ ሲወጣ ሌላው ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ እርሷም ስልኩ መጥፎ ነው ብላ ፎቶውን ትሰርዘዋለች። እንዲህ ያለው ነገር በየትኛው ቤት እንደ ደረሰ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ዓይን ሐኪም ዘግይተው የሚደርሱ ወላጆች የሚተርኩት ታሪክ ከስሙና ከሰፈሩ በቀር ይኸው ነውና።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሻው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ይህን ብርቅ የሆነ፣ በዘር ሊተላለፍ የሚችል ደዌ ለመለየትና ለመከታተል ከሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ዋነኞቹ ሁለቱ፣ ማለትም የእናት ዓይንና አበው ለርስትና ለጋብቻ ሲሉ ያቆዩት የዘር ቆጠራ፣ ድሮውንም በየቤታችን ያሉ መሆናቸውን፣ ሕክምናውም ከእነዚህ ከሁለቱ ጋር እስካልተገናኘ ድረስ ዘግይቶ ከመድረስ የማይድን መሆኑን ነው።

ሐኪሞች ደዌውን ሬቲኖብላስቶማ ይሉታል። ሬቲና ከዓይን በስተኋላ እንደ ስስ መጋረጃ ተዘርግቶ ብርሃንን እየተቀበለ ወደ አንጎል የሚያስተላልፈው ክፍል ሲሆን፣ ደዌውም በዚሁ መጋረጃ ላይ በጨቅላነት ዘመን የሚበቅል ነቀርሳ ነው። ወደ ጤነኛ ዓይን የገባ ብርሃን ከመጋረጃው በስተጀርባ ካለው ደም ከሞላበት ሥጋ ላይ ነጥሮ ስለሚመለስ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ ዕጢ በበቀለበት ዓይን ግን የሚነጥረው ከነጩ ዕጢ ላይ ስለሆነ ነጭ ሆኖ ይመለሳል። እናቲቱ በመብራት፣ አክስቲቱም በስልክ ያዩት ይህንኑ ነበር። ሁለተኛው ምልክት ቀድሞ ቀጥ ብሎ ያይ የነበረ ዓይን ሸውራራ መሆኑ ነው፤ መቅላት፣ ማበጥና ከጉድጓዱ ገፍቶ መውጣት የሚከተሉት ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

ከ15 ሺህ እስከ 20 ሺህ ከሚሆኑ ሕፃናት አንዱን ይይዛል ተብሎ ስለሚገመት፣ በየዓመቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት በሚወለዱባት በኢትዮጵያ ሒሳቡ በዓመት ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ ልጆች ማለት ነው። በሁለቱም ዓይን የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓመት ዕድሜ ግድም፣ በአንድ ዓይን የሚመጣው በሁለት ዓመት ግድም ይገለጣል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚታየው እጅግ ጥቂት ነው። ገና በዓይን ውስጥ ተከቶ ሳለ ከተደረሰበት፣ ከነቀርሳ ዓይነቶች ሁሉ ፈውሱ ከቀረበው አንዱ ነው፤ በዓይን ነርቭ በኩል አልፎ ወደ አንጎል፣ ወይም በደም ተጉዞ ወደ አጥንት ከደረሰ ግን፣ ሐኪሙ ዓይንን ስለ ማዳን ማሰቡን ትቶ ስለ ሕይወት ይጨነቃል።

በዘር የመተላለፉ ምሥጢር የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። አልፍሬድ ኑድሰን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም የ48 ሕሙማንን ታሪክ ከዕድሜያቸውና ከዓይናቸው ቁጥር ጋር እያስተያየ ሲመረምር፣ ይህ ነቀርሳ እንዲነሣ ሁለት ጉዳቶች በአንድ ሕዋስ ላይ መድረስ አለባቸው ወደሚል ሐሳብ ደረሰ። ነገሩን በቤታችን ምሳሌ ብናስረዳው፣ እያንዳንዱ ሕዋስ ከመጠን በላይ እንዳይባዛ የሚከለክለው በር ሁለት መቀርቀሪያ አለው፤ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት የተገኘ ነው። በብዙ ሰው ሁለቱም ደኅና ስለሆኑ፣ በአንዲት ሕዋስ ውስጥ ሁለቱም በአጋጣሚ መሰበራቸው እምብዛም የማይሆን ነገር ነው፤ ቢሆንም በአንድ ዓይን፣ በአንድ ሥፍራ ብቻ ነው። አንዱ መቀርቀሪያ ተሰብሮ የተወለደ ልጅ ግን በሕዋሱ ሁሉ የቀረው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ያ በየትም ቦታ ሲሰበር በሩ ይከፈታል፤ ስለዚህ ፈጥኖ፣ በሁለቱም ዓይን፣ በብዙ ሥፍራ ይታመማል። መቀርቀሪያው የሚሠራበት ትእዛዝ፣ ማለትም በ13ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለው ዘረ መል፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ተለይቶ ሲታወቅ፣ ዕጢን ከሚገቱት ዘረ መሎች ሁሉ መጀመሪያ የተገኘው ሆነ። አንድ የሕፃናት የዓይን ሕማም ስለ ነቀርሳ በጠቅላላው የሚታወቀውን ትምህርት የለወጠው እንዲህ ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ሒሳብ ማንም ወላጅ ሊያውቀው ይገባል። ከሕሙማኑ 40 በመቶ ያህሉ የተሰበረውን መቀርቀሪያ ይዘው የተወለዱ ናቸው፤ በሁለቱም ዓይን የታመመ ልጅ ሁሉ ከእነዚህ ወገን ይቈጠራል፣ በአንድ ዓይን ብቻ ከታመሙትም 15 በመቶ ያህሉ እንዲሁ ናቸው። ውርሱን የተሸከመ ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ለሚወልደው ለእያንዳንዱ ልጅ የማስተላለፉ ዕድል እኩል በእኩል ነው፤ ከወረሱትም ከአሥሩ ዘጠኙ ያህሉ ይታመማሉ። ይሁን እንጂ ውርሱን ከያዙት ልጆች የሚበዙት ከእነርሱ በፊት የታመመ ዘመድ የላቸውም፤ ስብራቱ በእነርሱ ተጀምሯልና። እንግዲህ «በዘራችን የለም» የሚለው መልስ እውነት ቢሆን እንኳ፣ ከዛሬ ጀምሮ በዘራቸው እንዳለ ሐኪሙ ለወላጆቹ በግልጽ መንገር ይኖርበታል።

እዚህ ላይ ነው የአበው ልማድ ወደ ነገራችን የሚገባው። ያገራችን ሰው ጋብቻ ሲያስብ እስከ ሰባት ቤት ዘር እየቈጠረ ዝምድና እንዳይገኝ ይመረምር ነበር፤ የርስት ባለመብትም አቅኚውን አባት ጠቅሶ፣ ከእርሱ ወደ ታች እስከ ራሱ ስም በስም ማውረድ ካልቻለ በሸንጎ ፊት ይረታ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ቢያስቀረውም፣ ዘር ቆጠራው በሽማግሎችና በአሮጊቶች አፍ ላይ እስከ ዛሬ አለ። የዘር ደዌን የሚከታተል ሐኪም በወረቀት ላይ ክብና አራት ማዕዘን እየሣለ የሚያወጣው የቤተሰብ ሐረግ ከዚህ የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእኛ ቆጠራ መሬትንና ጋብቻን ሲጠብቅ ኖረ፣ ሕማምን ግን አልጻፈም። እንዲያውም ሆን ብሎ ሸሸገው። «ዘራቸው ይታመማል» የተባለ ቤት ሴት ልጁን ለመዳር፣ ወንድ ልጁንም ለማጋባት ስለሚቸገር፣ በሕፃንነቱ ዓይኑ ወጥቶ የሞተ አጎት ቢኖር «ኩፍኝ ነው የገደለው» ተብሎ ይወራለታል፤ በትውልዱ መካከል የነበረው ምልክትም ይጠፋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ተረት በዚህ ደዌ ላይ ሲነገር የሚከብደው፣ መድኃኒት የሚያጣው የደበቀው ሰው ራሱ ሳይሆን ከእርሱ በኋላ የሚወለደው ሕፃን ስለሆነ ነው።

ከምሥጢሩ ቀጥሎ የሚያዘገየው የስም ስሕተት ነው። ልጁ አያመውም፤ ይጫወታል፣ ይበላል፣ ስለዚህ ማንም አይቸኩልም። ነጩን ብሌን ያየ ጎረቤት «ሞራ ነው፣ ሲያድግ ይገፈፍለታል» ይላል፤ ሌላው «ምች ነው»፣ ሦስተኛውም «ዓይነ ጥላ ነው» ይላል። ትራኮማና ሌላ የዓይን ሕማም በበዛበት አገር፣ የዓይን ቅባትና ጠብታ በየመድኃኒት ቤቱ ስለሚገኝ፣ ሥራ የበዛበት የጤና ሠራተኛም ለቀላው ዓይን ሁሉ አንድ ቅባት ሰጥቶ ቢያሰናብት የሚያስደንቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ ዓይነ ሥውር ሆኖ ሲገኝ፣ ግማሽ የሚያህለውን ያሳወረው የዓይን ሞራ ነበር። ሞራን ለማየት የሠለጠነ ዓይን ነጭ ነገር ባየ ቁጥር ሞራ ቢመስለው የልማድ ነገር ነው፤ ነገር ግን ሞራ ይጠብቃል፣ ዕጢ አይጠብቅም።

ደዌው ከታወቀ በኋላም ሌላ ፈተና አለ። ዕጢው ዓይኑን ከሞላው፣ ሕይወትን የሚያድነው ሕክምና ያን ዓይን ማውጣት ነው፤ ወላጅም ይህን በሰማ ጊዜ ልጁን አቅፎ ከሐኪም ቤት ይወጣል። ይህን እንቢታ ድንቁርና ብሎ መናቅ ትልቅ በደል ነው። «የዓይኔ ብሌን» ብሎ ልጁን የሚጠራ ሰው ከልጁ ላይ ብሌን እንዲወጣ እንዲፈቅድ ሲጠየቅ፣ ጥያቄው ከጆሮው አልፎ ወደ ልቡ እስኪገባ ጊዜና የሚያስረዳው ሰው ያስፈልገዋል። ዓይኑ የወጣለት ልጅ በሰው ሠራሽ ዓይን ሲስቅና ሲሮጥ ያየ ወላጅ ከብዙ ስብከት ይልቅ ያንን ያምናል፤ ስለዚህ አንዱን ወላጅ ከሌላው ጋር ማገናኘት ራሱ የሕክምናው ክፍል ነው።

የዚህ ሁሉ መዘግየት ዋጋ በቁጥር ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 በ153 አገሮች ደዌው የታወቀባቸውን 4,351 ሕፃናት የመረመረው ዓለም አቀፍ ጥናት እንዳሳየው፣ በሀብታም አገሮች ልጁ ሐኪም ፊት የሚቀርበው በ14 ወር ዕድሜው ግድም ሲሆን፣ በድሆቹ አገሮች ግን በ30 ወር ግድም ነው። በሀብታሞቹ ዘንድ ዕጢው ከዓይን ወጥቶ የሚገኘው ከመቶ አንድ ተኩል በሚያህሉት ላይ ሲሆን፣ በድሆቹ ዘንድ ግማሽ በሚያህሉት ላይ ነው። ተከታዩ ጥናት ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙትን ሲቈጥር፣ በሀብታሞቹ አገሮች 99.5፣ በድሆቹ አገሮች 57.3 በመቶ ሆነው ተገኙ። ደዌው አንድ፣ ሕፃኑም አንድ ዓይነት ነው፤ በመካከል የተዘረጋው ልዩነት በአብዛኛው እነዚያ አሥራ ስድስት ወራት ናቸው።

የካ በዚህ ታሪክ ውስጥ የተለየ ሥፍራ አለው። ከዐድዋ ድል በኋላ የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ሆስፒታል ከነበረበት ቦታ ላይ በ1902 ዓ.ም. የተመሠረተው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የሚገኘው በዚሁ ክፍለ ከተማ ሲሆን፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ትምህርት ማዕከልም በመሆኑ፣ ከየክፍለ ሀገሩ ሪፈር ተጽፎላቸው የሚመጡ ሕፃናት መድረሻቸው እዚያ ነው። ከዓይን ያለፈውን ነቀርሳ በመድኃኒት ማከም ደግሞ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሕፃናት ነቀርሳ ክፍል ድርሻ ስለሆነ፣ አስታማሚው በሁለት ቤቶች መካከል የሚመላለስ ነው። ከምኒልክ ሆስፒታል ቀና ብሎ ወደ ሰሜን የሚያይ ሰው በባሕር ዛፍ የተሸፈነውን የእንጦጦን ተራራ ያያል፤ በዚያም ተራራ ላይ የእንጦጦ ማርያም፣ በየካም በኩል የሽንቁሩ ሚካኤል ጸበል አለ። በማለዳ ቢጫ ጀሪካኗን ይዛ፣ ልጇን አዝላ ዳገቱን የምትወጣው እናት፣ የነጣውን ዓይን በጸበል ልታጥብለት የምትወጣ ልትሆን ትችላለች። ሱባዔ በሱባዔ ላይ ሲደራረብ ወራት ያልፋሉ።

ጸበልንና ሐኪም ቤትን እንደ ጠላቶች አድርጎ መናገር ግን ከእውነቱ የራቀ ነው፤ ይህ ተራራ ራሱ ሌላ ምስክር አለውና። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በኤድስ የታመሙ ብዙ ሺህ ሰዎች በእንጦጦ ማርያም ዙሪያ ተጠልለው ጸበል ይጠመቁ ነበር፤ በነጻ የሚታደል መድኃኒት በመጣ ጊዜ አንዳንዶቹ መድኃኒት መዋጥ እምነትን ማጉደል መስሏቸው ተዉት። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑና አንዱ ሌላውን እንደማይቃወም በይፋ ሲያስታውቁ፣ ብዙ የሕክምና ቃል ሊከፍተው ያልቻለው በር ተከፈተ። ለኤድስ የተነገረው ቃል ለሕፃናት ዓይን የማይነገርበት ምክንያት የለም። የንስሐ አባት በየቤቱ ይገባል፣ ሕፃናትን ያውቃል፣ ከሐኪሙ ይልቅ የቤቱን ምሥጢር የሰማው እርሱ ነው፤ «ጸበሉን ተጠመቂ፣ ነገር ግን ነገ ጧት ምኒልክ ሂጂ» የሚለው አንድ ቃል ከእርሱ አፍ ሲወጣ ተራራውንና ሆስፒታሉን የሚያገናኝ መንገድ ይሆናል።

የመለየቱ ነገር እስከዚህ ሲሆን፣ የመከታተሉ ነገር ደግሞ ከዚህ ይልቅ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ብንናገር ትጋህ፣ ማለትም ሳይተኙ መጠበቅ፣ የሚባለው ዓይነት ነው። ውርሱ ካለበት ቤት የተወለደ ሕፃን፣ በምርመራ ሕግ መሠረት፣ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት በየሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ ከዚያም እስከ አንድ ዓመቱ በየወሩ፣ በሁለተኛው ዓመት በየሁለት ወር፣ በሦስተኛው በየሦስት ወር፣ በአራተኛው በየአራት ወር፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ሰባት ዓመቱ በየስድስት ወር ዓይኑ ይታያል። ከጥቂት ወራት በላይ የሆነው ልጅ ዝም ብሎ ስለማይታይ የሚመረመረው በማደንዘዣ ነው። ታላቁ ልጅ በደም ምርመራ ውርስ እንደሌለበት ከታወቀ ታናናሾቹ ከዚህ ሁሉ ድካም ይድናሉ፤ ምርመራው በማይገኝበት ጊዜ ግን ታናናሾቹን ሁሉ እንደ ወራሽ ቈጥሮ ማየት ግድ ነው።

ክትትሉ በዓይን አያበቃም። ውርሱን ይዞ የዳነ ልጅ ከፍ ሲል በአጥንት፣ በጡንቻና በመሳሰለው ለስላሳ ሥጋ፣ በቆዳም ላይ ሌላ ነቀርሳ እንዳይነሣበት ዕድሜውን ሙሉ ሊጠነቀቅ ይገባዋል፤ በጨቅላነቱ፣ ይልቁንም ከአንድ ዓመት በታች ሳለ፣ በጨረር የታከመ ከሆነ አደጋው ይበዛል። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጉልበቱን ሲያመው «ኳስ ሲጫወት ተመትቶ ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ ዓይኑ በሕፃንነቱ እንደ ወጣ የሚያውቅ፣ ለምን እንደ ወጣም የተነገረው ልጅ ግን ራሱ የራሱ ጠባቂ ይሆናል። ወላጆች ለልጁ ሳይነግሩት ሲያድግ ይህ ጠባቂ ይጠፋል።

«በኩፍኝና በቲቢ የሚሞቱ ልጆች እያሉ ስለ ሁለት መቶ ሕፃናት ይህን ያህል መድከም ይገባልን?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም፤ ጥያቄውም በቂ መልስ የሚገባው ነው። መልሱ፣ መለየቱ አዲስ ሕንጻና አዲስ በጀት የማይፈልግ መሆኑ ነው። ሆንዱራስ የተባለችው የመካከለኛው አሜሪካ ድሃ አገር፣ ስለዚህ ደዌ የሚያስረዳውን ትምህርት ከአገር አቀፍ የክትባት ዘመቻ ጋር ባያያዘች ጊዜ፣ ዕጢው ከዓይን ወጥቶ የሚመጡት ሕፃናት ከ73 በመቶ ወደ 35 በመቶ ወረዱ። ጎረቤታችን ኬንያም የነጭ ብሌን ምርመራን በእናቶችና ሕፃናት የጤና መዝገብ ውስጥ አስገብታለች። በእኛም አገር ሕፃኑ በ45ኛው ቀን፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት፣ በዘጠነኛውና በአሥራ አምስተኛው ወር ለክትባት ይቀርባል፤ ይህም ደዌው ከሚጸነስበትና ከሚገለጥበት ዘመን ጋር የሚገጥም ነው። ክትባት የምትሰጠው ነርስ በትንሽ መብራት ሁለቱን ብሌኖች አይታ ቀዩን ብርሃን ከነጩ ለመለየት የሚያስፈልጋት ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ በዚያችው ደቂቃ ከሞራ ጋር የተወለደውንም ሕፃን ታገኘዋለች፤ ለብርቁ የተደረገው ድካም ለተለመደውም ይጠቅማል ማለት ነው።

የጊዜው ነፋስም ለዚህ የሚያመች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 የሕፃናት ነቀርሳን ለመቋቋም ባወጣው ዕቅድ፣ እ.ኤ.አ. በ2030 ቢያንስ 60 በመቶ የሚሆኑት ሕሙማን ሕፃናት እንዲድኑ ሲያልም፣ ለመለኪያ ከመረጣቸው ስድስት ዓይነቶች አንዱ ይኸው ሬቲኖብላስቶማ ነው። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2023 የሚደርስ የሕፃናትና የወጣቶች ነቀርሳ ዕቅድ አውጥታ ነበር። ዕቅድ ግን በወረቀት ላይ ሲቀር እንደ ተተወ ርስት ነው፤ የሚያርሰው ይፈልጋል። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አራቱን ጉባኤ ያወቀ ሊቅ አራት ዓይና ይባላል፤ ይህ ደዌ የሚሸነፈውም እንደዚሁ አራት ዓይን፣ የእናት፣ የካህን፣ የነርስና የሐኪም ዓይን በአንድ ሕፃን ላይ ሲያርፍ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ለማየት፣ ታላቅ ወንድሙ አንድ ዓይኑን ያጣ፣ ገና ስድስት ሳምንት የሆነውን አንድ ሕፃን በሐሳባችን እንከተል። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ዓይኑ ላይ ይደረግለታል፤ ሐኪሙ ጠብታው እስኪሠራ ይጠብቃል፤ ከዚያም ሽፋሽፍቱን ቀስ ብሎ ከፍቶ፣ መብራቱን በግንባሩ አድርጎ፣ በእጁ በያዘው ሌንስ በኩል የሬቲናውን ጥግ ከጥግ ይዳስሳል። ሁሉም ቀይ ነው፤ ከጠርዙ አጠገብ ግን አንዲት ነጭ ነጥብ አለች፤ መጠኗ የጤፍ ፍሬ ታክላለች። ታላቅየው በመጣ ጊዜ ዕጢው ባቄላ አክሎ ዓይኑን ሞልቶት ነበርና ከማውጣት በቀር ምርጫ አልነበረም፤ ይህቺ ግን በሌዘር ወይም በቅዝቃዜ ትቃጠላለች፣ ዓይኑም ይቀራል። እናቲቱ ውጭ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ የተጻፈበትን ካርድ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትጠብቃለች፤ ቀጠሮው ከአራት ሳምንት በኋላ ነው።